ፓምፑን ከማውረዳችሁ በፊት፦ በናፍጣ ሞተር ላይ የኢንጀክሽን ፓምፕ ሴንሰር ብልሽትን ለመለየት

ከኮምቦልቻ ተነስቶ ደሴ የሚገባ መኪና ሁሉ ሀረጎ የተባለው ዳገት ላይ ይፈተናል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች አጭር መንገድ ግን መኪናው ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ወደ 2,500 ሜትር ይወጣል። ሞተሩ ይግላል፣ አየሩ ይሳሳል። ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ሲዞር ምንም ያልነበረው መኪና ሕመሙን እዚያ ዳገት ላይ ያወጣዋል።

አንድ ባለ 1ኬዜድ ሞተር ፕራዶ መጣልኝ። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ይህ መኪና ከሀረጎ ጋር ተጣልቷል» አሉኝ። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ዳገቱን አጋምሶ ድንገት ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይነሳል። እኔ ጋ ከመምጣታቸው በፊት ሌላ ቦታ የኢንጀክሽን ፓምፑ፣ ማለትም ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከው ፓምፕ፣ ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ጎሚኖዎቹ ተቀይረው ተገጥሟል። ናፍጣውን የሚረጩት ኖዝሎችም ተቀይረዋል። ብዙ ብር ወጥቷል። መኪናው ግን ሀረጎ ላይ መቆሙን አልተወም።

ጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ ፓምፑ ላይ ያለውን የፍጥነት ሴንሰር ለካሁት። 230 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መከላከል መለኪያ ነው)። ደህና ነው። ከዚያ አብረን ወጣን። ዳገቱ ላይ ሲጠፋ ወዲያው ኮፈኑን ከፍቼ ያንኑ ሴንሰር ለካሁ። መልቲሜትሩ ምንም አላነበበም። ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ሲሞቅ ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። «አብሽሩ አባባ፣ ፓምፑ ደህና ነው» አልኳቸው። ለመለካት የፈጀው ጊዜ አምስት ደቂቃ አይሞላም።

ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። በእኛ አካባቢ ናፍጣ መኪና ጉልበት ካጣ፣ ካጨሰ ወይም አልነሳ ካለ መጀመሪያ የሚከሰሰው ፓምፑ ነው። ፓምፕ ደግሞ አንዴ ከተፈታ እንደነበረ መመለሱ ቀላል አይደለም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ ቅደም ተከተል ፓምፑን መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል።

መጀመሪያ የራሳችሁን ሞተር እወቁ

ሁሉም ናፍጣ ሞተር የፓምፕ ሴንሰር የለውም። 5ኤል ሞተር ያለው ሃይስ፣ 1ኤችዜድ ሞተር ያለው ላንድክሩዘር፣ የድሮ አይሱዙ የጭነት መኪኖች፣ እነዚህ ፓምፓቸው ሜካኒካል ነው። ናፍጣውን የሚለካው ምንጭ፣ ክብደትና ሊቨር እንጂ ኮምፒውተር አይደለም። 5ኤልና 1ኤችዜድ ላይ ከኤሌክትሪክ ጋር የሚያገናኘው ዋና ነገር ናፍጣ የሚዘጋው ሶሌኖይድ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚከፈተው ቫልቭ ነው። እሱን መፈተሽ ቀላል ነው። ቁልፉን «ኦን» ላይ አድርጉ፤ ገመዱ ላይ የባትሪውን ቮልት ማግኘት አለባችሁ። ገመዱን ነቅላችሁ ስትመልሱ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ቮልቱ ኖሮ ድምፁ ከሌለ ሶሌኖይዱ ሞቷል። ቮልቱ ከሌለ ፊውዝና ሽቦ ፈልጉ። የእነዚህ ሞተሮች ባለቤት ከሆናችሁ ከዚህ በታች ካለው የሚጠቅማችሁ የናፍጣ መስመር ምርመራው ነው።

ሁለተኛው ወገን እንደ 1ኬዜድ-ቲኢ (እዚህ 1ኬዜድ የምለው ሁሉ እሱን ነው) እና 2ኤል-ቲኢ ያለው ነው። ፓምፑ የድሮውን ይመስላል፤ ግን ኮምፒውተር ያዘዋል። ላዩ ላይ የናፍጣውን መጠን የሚወስን ስፒል ቫልቭ አለ። ናፍጣው መቼ ይረጭ የሚለውን የሚያስተካክል የታይሚንግ ቫልቭ አለ። ፓምፑ በምን ፍጥነት እንደሚዞር የሚናገር የፍጥነት ሴንሰር አለ። የናፍጣውን ሙቀት የሚለካም አለ። 1ኬዜድ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ልብ የማይላቸው ትንንሽ ሬዚስተሮች አሉ። ስለ እነሱ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ኮመን ሬይል ነው፤ 1ኬዲ፣ 2ኬዲ እና የመሳሰሉት። እዚህ ፓምፑ ሥራው ግፊት መሥራት ብቻ ነው። ናፍጣው ሬይል በሚባለው ወፍራም ቱቦ ውስጥ ይጠራቀማል። መቼና ስንት ይረጭ የሚለውን ኢንጀክተሮቹ በኮምፒውተሩ ትእዛዝ ይፈጽማሉ።

የምትይዙት ዕቃ

ዲጂታል መልቲሜትር ግድ ነው። ከኦምና ከዲሲ ቮልት በተጨማሪ ኤሲ ቮልት የሚለካ ይሁን። ሁለት ቀጫጭን የልብስ ስፌት መርፌዎች ያዙ፤ ሶኬቱን ሳትነቅሉ ከኋላው ለመለካት ይጠቅማሉ። ግማሽ ሜትር የሚሆን ብርሃን የሚያሳልፍ የናፍጣ ጎማ፣ የኤሌክትሪክ ሶኬት ማጽጃ እስፕሬይ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ደብተርና እስክሪብቶ። ለአዳዲሶቹ መኪኖች ስካነር ያስፈልጋል። ባለ አምፖል ቴስተር ግን ከኮምፒውተር ጋር በተገናኘ ሽቦ ላይ አትጠቀሙ። አምፖሉ ብዙ ከረንት ስለሚስብ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ደረጃ 1፦ ሾፌሩን በደንብ አዳምጡት

መሣሪያ ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ። ችግሩ ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ? ዳገት ላይ ነው ሜዳ ላይ? ዝናብ ከዘነበ በኋላ ነው? መኪናው ከመታመሙ በፊት ምን ተሠራበት?

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱን ይዞ ይመጣል። ሞተር ታጥቦ በማግሥቱ የተበላሸ መኪና ሶኬቱ ውስጥ ውሃ ይኖረዋል። ቴፕ፣ አላርም ወይም ተጨማሪ መብራት ተገጥሞለት የተበላሸ ከሆነ የተቀጠለ ሽቦ ፈልጉ። ፓምፑ ተፈትቶ ከተገጠመ ወዲህ የተበላሸ ከሆነ ሶኬቶቹ በየቦታቸው መመለሳቸውን እዩ።

ሲሞቅ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ መኪና የሴንሰር ጥቅል ሽቦን ያስጠረጥራል። ደሴ ላይ ጠዋት ነጭ ጭስ እያወጣ በግድ የሚነሳ፣ ከሞቀ በኋላ ግን ደህና የሚሆን መኪና ደግሞ መጀመሪያ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ይታዩለት። ጦሳ ተራራ ሥር ያለው የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ደካማ ካንዴላን አይምርም።

ደረጃ 2፦ ባትሪና ናፍጣ

ይህን ዘልሎ ወደ ሴንሰር የሚሄድ ሰው ቀኑን ያባክናል። ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲዞር ከ10 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪውን ወይም ተርሚናሎቹን አስተካክሉ። ቮልት ሲወርድ ኮምፒውተሩ ይደናገራል፤ ያልተበላሸ ሴንሰርም የተበላሸ ይመስላል።

ቀጥሎ የናፍጣው መስመር። ፊልትሮው መቼ ተቀየረ? ከሥሩ ውሃ አፍስሱ። ከዚያ ብርሃን የሚያሳልፈውን ጎማ ከፊልትሮው እስከ ፓምፑ መግቢያ ባለው መስመር ላይ ግጠሙና ሞተሩን አስነሱ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት አረፋ ቢታይ ችግር የለውም። እየቆየም አረፋ ከቀጠለ ከሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው። የተሰነጠቀ ጎማ፣ የላላ ክላምፕ ወይም የደረቀ የእጅ ፓምፕ ጎሚኖ ይሆናል። አየር የገባበት ፓምፕ ልክ ሴንሰሩ እንደሞተ ፓምፕ ይንተፋተፋል። ስንት ፓምፕ በአንዲት የተሰነጠቀች ጎማ ምክንያት ወርዷል!

ደረጃ 3፦ ኮዱን አንብቡ

1ኬዜድን በመሳሰሉ ቶዮታዎች ላይ ስካነር አያስፈልግም። ኮፈኑ ሥር «ዳያግኖሲስ» የሚል ክዳን ያለው ትንሽ ሳጥን ፈልጉ። ክዳኑ ውስጥ የቀዳዳዎቹ ስም ተጽፏል። «ቲኢ1» እና «ኢ1» የተባሉትን በአጭር ሽቦ አገናኙ። ሌላ ቀዳዳ እንዳትነኩ ተጠንቀቁ፤ የባትሪ ፖዘቲቭ ያለበትም አለ። ቁልፉን «ኦን» ላይ አድርጉ፤ ሞተሩን አታስነሱ። የቼክ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ማለት ይጀምራል።

ሳያቋርጥ እኩል በእኩል ብልጭ ብልጭ ካለ ኮድ የለም ማለት ነው። ኮድ ካለ መጀመሪያ አስሩን፣ ትንሽ ቆም ብሎ ነጠላውን ይቆጥራል። አንዴ በርቶ፣ ቆም ብሎ፣ ሦስት ጊዜ ከበራ 13 ነው። ከፓምፑ ጋር የሚያያዙት እነዚህ ናቸው። 12 የክራንክ ሴንሰር፣ 13 የፓምፑ የፍጥነት ሴንሰር፣ 14 የታይሚንግ ቁጥጥር፣ 18 ስፒል ቫልቭ፣ 32 የማስተካከያ ሬዚስተሮች፣ 39 የናፍጣ ሙቀት ሴንሰር። 35 ደግሞ የቱርቦ ግፊት ሴንሰር ነው። እሱ ፓምፑ ላይ ባይሆንም የናፍጣውን መጠን ስለሚያዛባ እዚሁ ይታያል።

ኮዶቹን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ቁልፉን ዘግታችሁ የኢኤፍአይ ፊውዙን ነቅላችሁ ጥቂት ቆዩና መልሱ። ኮዱ ይጠፋል። ከዚያ መኪናውን ንዱና እንደገና አንብቡ። ተመልሶ የመጣው ኮድ የዛሬው በሽታ ነው። ያልተመለሰው ምናልባት አንድ ሰው ቁልፉ «ኦን» ላይ እያለ ሶኬት ነቅሎ ያስመዘገበው አሮጌ ኮድ ይሆናል።

አንድ ነገር አስምሩበት። ኮድ 13 «የፍጥነት ሴንሰሩን ቀይሩ» ማለት አይደለም። «የዚህ ሴንሰር ምልክት አልደረሰኝም» ማለት ነው። ሴንሰሩ፣ ሽቦው፣ ሶኬቱ ወይም ኮምፒውተሩ ሊሆን ይችላል። ኮዱን አይቶ ዕቃ የሚያዝ ሰው እየገመተ ነው።

ደረጃ 4፦ ሽቦና ሶኬት

በእኔ ልምድ ብዙው ችግር የሚገኘው እዚህ ነው። ሶኬቱን ንቀሉና ውስጡን በብርሃን እዩ። አረንጓዴ ዝገት፣ ናፍጣ፣ የታጠፈ ወይም ወደ ኋላ የሸሸ ፒን ፈልጉ። በእስፕሬይ አጽዱ፣ አድርቁ፣ ሲገባ «ጠቅ» እስኪል ግፉት።

ቀጥሎ ሽቦውን ተከተሉ። በዝግመትም ቢሆን ከሞተሩ ብረት ጋር የሚፋተግ ቦታ አይጠፋም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በላስቲክ ቴፕ ብቻ ተጠምጥሞ የተቀጠለ ሽቦ መጨረሻው መለያየት ነው። እንዲህ ያለ ቅጥል ካገኛችሁ ቆርጣችሁ በሊድ አስበይዱትና በሚኮማተር ጎማ አልብሱት።

የፍጥነት ሴንሰር ሽቦ ከውጭ የሚረብሽ ምልክት እንዳይገባበት የተሸፈነ ነው። ሲቀጠል ሽፋኑ ከተተወ ኮምፒውተሩ ያልተላከ ምልክት ይቆጥራል።

ማሳውንም፣ ማለትም የኔጋቲቩን መስመር ለኩ። መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሴንሰሩ ማሳ ፒን ላይ አሳርፉ። ሞተሩ እየሠራ ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ የሆነ ቦታ የዛገ ወይም የላላ ማሳ አለ። ሞተሩንና ሻሲውን የሚያገናኘውን ገመድ ፈታችሁ አጽድታችሁ እሰሩ።

የግፊትና የነዳጅ ፔዳል ሴንሰሮች ከኮምፒውተሩ 5 ቮልት ይወስዳሉ። ብዙ ጊዜ ያንኑ 5 ቮልት ይጋሩታል። ስለዚህ አንዱ ሾርት ካደረገ ሌሎቹም አብረው የሞቱ ይመስላሉ። ከ5 ቮልት ይልቅ 1 ወይም 2 ካገኛችሁ ቁልፉን እየዘጋችሁ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። አንዱ ሲነቀል 5 ቮልቱ ከተመለሰ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ደረጃ 5፦ ኦም መለካት፣ ቀዝቃዛና ትኩስ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ባለ 1ኬዜዱን ፕራዶ ያዳነው ይህ ደረጃ ነው።

ቁልፉን ዝጉ፤ የሴንሰሩን ሶኬት ንቀሉ። የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች አንድ ላይ ነክታችሁ የሚያሳየውን ቁጥር መዝግቡ፤ 0.2 ወይም 0.3 ኦም ሊሆን ይችላል። ይህን ከምታገኙት ላይ ትቀንሳላችሁ። ለፍጥነት ሴንሰር ልዩነት የለውም። ስፒል ቫልቭ ላይ ግን ጤነኛው ራሱ ከ1 እስከ 2 ኦም ብቻ ስለሆነ ሳትቀንሱ ከፈረዳችሁ ትሳሳታላችሁ።

ለ1ኬዜድ፣ 20 ዲግሪ አካባቢ ላይ የሚጠበቁት እነዚህ ናቸው። የፓምፑ የፍጥነት ሴንሰር ከ205 እስከ 255 ኦም። ስፒል ቫልቭ ከ1 እስከ 2 ኦም። የታይሚንግ ቫልቭ ከ10 እስከ 14 ኦም። ሌላ ሞተር ከሆነ የራሱን የጥገና መጽሐፍ ተመልከቱ፤ የአንዱን ቁጥር ለሌላው አትውሰዱ። ከእያንዳንዱ ፒን ወደ ሞተሩ ብረትም ለኩ። እዚያ ምንም መነበብ የለበትም። ከተነበበ ጥቅሉ ወደ ማሳ ሾርት አድርጓል።

አሁን ሙቀቱ። የመዳብ ሽቦ ሲሞቅ ኦሙ ይጨምራል፤ ለእያንዳንዱ 10 ዲግሪ 4 በመቶ ገደማ። ስለዚህ ጠዋት 230 ያነበበ ሴንሰር 80 ዲግሪ ሲደርስ 285 አካባቢ ቢያነብ ጤነኛ ነው። «ኦሙ ጨምሯል፣ ተበላሽቷል» ብላችሁ አትጣሉት። የምትፈልጉት ዝላይ ነው። 240፣ 255፣ 270 እያለ ሲሄድ ድንገት ወደ ብዙ ሺህ ከዘለለ ወይም መልቲሜትሩ ባዶ ካሳየ ጥቅሉ ውስጥ ስንጥቅ አለ።

ለማሞቅ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የፀጉር ማድረቂያ ነው። ሴንሰሩን ከአጠገቡ እያሞቃችሁ ቁጥሩን ተከታተሉ፤ በጣትም ቀስ አድርጋችሁ ነካ ነካ አድርጉት። እሳት ወይም የጋዝ ችቦ ናፍጣ ያለበት ቦታ ፈጽሞ አታቅርቡ። ሁለተኛው መንገድ እዚሁ ደጃችን ያለው ነው። መኪናውን ኮምቦልቻ ላይ አሙቁና ሀረጎን ውጡ። ሲጠፋ ወይም ጫፍ ስትደርሱ ደህና ቦታ ላይ፣ ከመንገዱ ወጣ ብላችሁ አቁሙ፤ ድንጋይ አስደግፉ። ወዲያው ለኩ። አሥር ደቂቃ ከቆያችሁ ሴንሰሩ ቀዝቅዞ «ደህና ነኝ» ይላችኋል።

ደረጃ 6፦ ምልክቱ ራሱ

ኦሙ ትክክል የሆነ ሴንሰር ምልክት ላይሰጥ ይችላል። መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፍ ከሴንሰሩ ፒኖች ጋር አገናኙ። ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ያዙር። ቮልት መታየት አለበት፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ፍጥነት ሲጨምር ቮልቱም አብሮ መጨመር አለበት። ኦሙ ትክክል ሆኖ ቮልቱ ምንም ካላለ ወይም በጣም ደካማ ከሆነ የሴንሰሩ ጫፍ ላይ የብረት ብናኝ ተሰብስቦ ሊሆን ይችላል።

ብናኙን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ማግኔቱ የሰበሰበው ያ ብናኝ ከየት መጣ? ፓምፑ ውስጥ ብረት ከብረት እየተበላላ ከሆነ የሚበላሸው ሴንሰሩ ብቻ አይደለም። ፓምፑ በእውነት ጥፋተኛ ከሚሆንባቸው ጊዜያት አንዱ ይህ ነው።

አንዳንድ ፓምፖች ላይ የፍጥነት ሴንሰሩ ፓምፑ ውስጥ ካለው ሮለር ሪንግ ጋር የተያያዘ ነው። ሳትለኩና አሠራሩን ሳታውቁ እንዳትነቅሉት። እስካሁን ያልኩት ምርመራ ሁሉ ሴንሰሩ ከቦታው ሳይነቃነቅ የሚሠራ ነው። መንቀል ሲመጣ የፓምፕ ባለሙያ አብሯችሁ ይሁን።

ደረጃ 7፦ ሙቀትና ግፊት የሚለኩት፣ በደሴ ጠዋትና በደሴ ከፍታ

የሙቀት ሴንሰር ከጥቅል ሽቦው ተቃራኒ ነው፤ ሲሞቅ ኦሙ ይቀንሳል። የቶዮታው ዓይነት 20 ዲግሪ ላይ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም አካባቢ፣ 80 ዲግሪ ላይ ከ200 እስከ 400 ኦም አካባቢ ነው።

ስካነር ካላችሁ ግን የሚያስደስት ቀላል ዘዴ አለ። መኪናው ሌሊቱን ደሴ ይደር። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን «ኦን» አድርጋችሁ የውሃውን፣ የአየሩንና የናፍጣውን ሙቀት አንብቡ። ሌሊቱን አብረው ስላደሩ ሦስቱም መቀራረብ አለባቸው። ሁለቱ 12 እያሉ አንዱ 60 ካለ የሚዋሸው እሱ ነው። ከዜሮ በታች 40 የሚል ንባብ አብዛኛውን ጊዜ ሽቦው ተቆርጧል ማለት ነው። ከ100 በላይ የሚል ቀዝቃዛ ሞተር ደግሞ ሾርት አለበት። ለማረጋገጥ ሶኬቱን ንቀሉት፤ ንባቡ ወደ ከዜሮ በታች 40 ከወረደ ሽቦውና ኮምፒውተሩ ደህና ናቸው፤ ሴንሰሩ ነው።

የቱርቦ ግፊት ሴንሰርም ሞተሩ ሳይነሳ የሚያነበው የአካባቢውን የአየር ግፊት ነው። ባሕር ወለል ላይ 101 ኪሎፓስካል ነው። ኮምቦልቻ ላይ 81 አካባቢ፣ ደሴ ላይ 75 አካባቢ መሆን አለበት። ደሴ ቆሞ 100 የሚያሳይ ሴንሰር ኮምፒውተሩን «አየር በሽ ነው» እያለ ያታልለዋል። ኮምፒውተሩም ለዚያ የሚመጥን ናፍጣ ያዝዛል። ውጤቱ ጥቁር ጭስ ነው። ጥቁር ጭስ ሲታይ ደግሞ «ፓምፑ ናፍጣ ይጥላል» ይባልና ፓምፑ ይወርዳል። ሁለቱ ከተሞች መካከል 6 ኪሎፓስካል ያህል ልዩነት ስላለ ሁለቱም ቦታ ብታነቡ ሴንሰሩ ከፍታውን መከተሉን ታዩታላችሁ።

ደረጃ 8፦ ኮመን ሬይል ከሆነ

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ። በድሮው ፓምፕ ሞተሩ እየሠራ የኖዝል ቱቦ አላልቶ ሲሊንደር መለየት የተለመደ ነው። ኮመን ሬይል ላይ ይህን በጭራሽ አታድርጉ። ግፊቱ ከ1,000 ባር ያልፋል። እንደ ክር ቀጭን ሆኖ የሚወጣው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ሕመሙ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ግን እጅ እስከማሳጣት ይደርሳል። እንዲህ የደረሰበት ሰው ሳይውል ሳያድር፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ። የኢንጀክተሮቹም ሽቦ ከባትሪው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቮልት ስለሚያልፍበት ሞተሩ እየሠራ አትንኩት።

አሁን ወደ ሴንሰሩ። ሞተሩ ጠፍቶ አሥራ አምስት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ቁልፉን «ኦን» አድርጉና በስካነር የሬይሉን ግፊት አንብቡ። ዜሮ አጠገብ መሆን አለበት። በቮልት ከለካችሁ ዴንሶ በተባለው ኩባንያ ሥርዓት 1 ቮልት አካባቢ፣ በቦሽ ኩባንያ ሥርዓት ግማሽ ቮልት አካባቢ ነው። ቆሞ ያደረ ሞተር ብዙ መቶ ባር ካሳየ ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ይዋሻል።

ኮዶቹን መለየት ትልቅ ጥቅም አለው። ፒ0192 እና ፒ0193 የኤሌክትሪክ ናቸው፤ የሴንሰሩ ምልክት ከልክ በታች ወይም ከልክ በላይ ሆኗል ማለት ነው። ሽቦ፣ 5 ቮልት፣ ማሳ ፈልጉ። ፒ0087 ግን «ግፊቱ አነሰ» የሚል ነው። ሴንሰሩ እውነቱን እየተናገረ ሊሆን ይችላል። መልእክተኛውን አትግደሉ፤ ፊልትሮውን፣ የአየር መግቢያውን፣ የኢንጀክተሮቹን የመልስ ናፍጣ እና የፓምፑን የመምጠጫ ቫልቭ ተመልከቱ።

ሞተሪኖው እየዞረ ግፊቱን ተከታተሉ። ብዙዎቹ ሞተሮች 200 ባር አካባቢ ሳይደርሱ ኢንጀክተር አይከፍቱም። ስካነሩ 20 ወይም 30 ባር ላይ ከቀረ ሞተሩ የማይነሳበት ምክንያት ታውቋል። የመልስ ቱቦዎቹን በእኩል ጠርሙሶች ውስጥ አድርጋችሁ የትኛው ኢንጀክተር ብዙ እንደሚመልስ እዩ። አንድ ያረጀ ኢንጀክተር ፓምፑ የሠራውን ግፊት ሁሉ ሊያፈስሰው ይችላል።

የመምጠጫ ቫልቩ 1ኬዲ ላይ ከ1.9 እስከ 2.3 ኦም ነው። ኦሙ ደህና ሆኖም በቆሻሻ ናፍጣ ሊይዝ ይችላል። ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ የታዘዘው ግፊትና እውነተኛው ግፊት በስካነሩ ላይ እየተለያዩ ከታዩ፣ ይህንን ቫልቭ ጠርጥሩ። ለብቻው ይቀየራል። ፓምፕ መግዛት አያስፈልግም።

ፓምፑ በእውነት ጥፋተኛ ሲሆን

የናፍጣው መስመር ንጹሕ፣ ሽቦው ደህና፣ ሴንሰሮቹ ቀዝቃዛም ትኩስም ትክክል፣ ቫልቮቹም ልካቸውን የጠበቁ ከሆኑና ችግሩ ካለ፣ ያኔ ፓምፑ ይውረድ። ለባለሙያው የለካችሁትን ቁጥር ሁሉ ጽፋችሁ ስጡት። ከፍለጋ ያድነዋል።

ያገለገለ ፓምፕ የምትገዙ ከሆነ ስለ 1ኬዜድ ሬዚስተሮች የነገርኳችሁን አስታውሱ። እያንዳንዱ ፓምፕ ሲመረት ትንሽ ልዩነት ይኖረዋል። ፋብሪካው ያንን ልዩነት ለኮምፒውተሩ የሚነግረው በእነዚያ ሬዚስተሮች ነው። ስለዚህ ሬዚስተሮቹ የመኪናው ሳይሆኑ የፓምፑ ናቸው። ሻጩ ነቅሎ ካስቀራቸው አትግዙ። የአሮጌውን ፓምፕ ሬዚስተር አዲሱ ላይ ከገጠማችሁ ናፍጣው ከልኩ ይበዛል ወይም ያንሳል፤ ምክንያቱን ፍለጋ ደግሞ ሌላ ወር ይሄዳል።

ከጥገና በኋላ

ኮዱን አጥፉ። መኪናውን ኮምቦልቻ ላይ አሙቁና ደሴ ድረስ ንዱት፤ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ስካነሩን ወይም የቼክ መብራቱን ይከታተል። ጭነት የሚይዝ መኪና ከሆነ ጭነት ይያዝ፤ ባዶውን የወጣ መኪና ምስክር አይሆንም። ሌሊቱን ደሴ ይደር። ጠዋት ሳታሞቁት አስነሱት፣ ጭሱን እዩ፣ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ተመለሱና አንዴ ደግማችሁ ውጡ። ሁለተኛው ዳገት ላይ ካልጠፋና ኮዱ ካልተመለሰ መኪናውን ለባለቤቱ አስረክቡ።